«አብሽር፣ ቦሎ አለው»፦ ስለ መኪና ዕድሜ፣ ስለ ልጆችና ስለ ዓመታዊ ምርመራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እሑድ እሑድ ደሴ ላይ አብረን ቡና የምንጠጣ ስድስት ሰባት ሰዎች ነን። ያገናኘን የመኪና ፍቅር ነው። አንዱ ቮልስ አለው፣ አንዱ ፔጆ 504፣ አንዱ ከአባቱ የወረሳት ላንድሮቨር፣ ሁለቱ ቪትዝ፣ እኔ ደግሞ ዲኤክስ ኮሮላ። በመኪና እንጀራ የምበላው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለኝ። ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው አንድ ነው፦ የማን መኪና በዕድሜ ይበልጣል፣ ማን ስንት ልጅ በየትኛው መኪና አሳደገ፣ የማን ቦሎ መቼ ያልቃል። «ያ ፔጆ ጡረታ መውጣት አለበት» ይላል ባለ ቪትዙ። «አንተ ቀድመኸው ትወጣለህ» ይለዋል ባለ ፔጆው። ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ነው።

የማልወደው አንድ ቃል አለ። ስለ አንዱ መኪና ፍሬን ወይም ጎማ ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር መልሱ «አብሽር፣ ቦሎ አለው» ነው። አብሽር መልካም ቃል ነው። እኛ ወሎ ውስጥ የታመመውን የምናጽናናበት፣ ያዘነውን የምናበረታበት ቃል ነው። ፍሬን ግን በአብሽር አይያዝም። ይህን እሑድ እሑድ መናገር ስለ ደከመኝ ሁሉንም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብያለሁ።

«ምርመራ ያለፈ መኪና ጤነኛ ነው»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ቦሎ ማለት መኪናው በዓመት አንድ ቀን ታይቶ በዚያ ቀን የተቀመጠለትን መስፈርት አሟልቷል ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ትርጉም የለውም። መርማሪው መኪናውን በሚሽከረከር መፈተሻ ላይ አውጥቶ ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ጭሱን፣ የመሪውን ልቅነት፣ የጎማውን ጥርስ ያያል። ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ፣ ፈትቶ ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ቀረው አይለካም፤ የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አይጠይቅም፤ ቁልቁለት ላይ አውጥቶ ፍሬኑን አግሎ አይሞክረውም። ይህን የምለው መርማሪውን ለመውቀስ አይደለም። ምርመራ ማለት ይኸው ነው፤ በየትኛውም አገር መኪና ተበትኖ አይመረመርም። ጥፋቱ የአንድ ቀን ማስረጃን የዓመት ዋስትና አድርገን የምንወስደው የእኛ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ክረምት ሊገባ ሲል በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሰው የምታመላልስ ሚኒባስ ጋራዤ መጣች። ሾፌሩ «ፍሬን ስይዝ ይጮኻል፤ ትንሽ አቧራ ገብቶበት ይሆናል» አለኝ። ቦሎው ከተለጠፈ ሦስት ሳምንቱ ነበር። የግራውን የኋላ ጎማ አውርጄ ታምቡሩን ሳወጣ ሸራ የሚባል ነገር አልነበረም። አልቆ፣ ሸራውን ከብረቱ ጋር የሚይዙት ምስማሮች አናታቸው እንደ ተወለወለ መሐለቅ ያበራ ነበር። ምስማሮቹ የታምቡሩን ውስጥ ዙሪያውን አርሰውታል። ሾፌሩን ጠርቼ ጣቱን ያዝሁና ጥፍሩን በቦዩ ውስጥ አስገባሁለት። ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ገባ። «ታዲያ እንዴት አለፈ?» አለኝ። ያለፈውማ ቀዝቃዛ ብረት ቀዝቃዛ ብረትን ለጥቂት ጊዜ ስለሚይዝ ነው፤ መፈተሻው ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቂት ጊዜ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን አሥራ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ብረቱ ግሎ፣ ያ ፍሬን አይኖርም።

ይህችን መንገድ የማያውቅ ሰው ካለ፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ600 ሜትር በላይ በጠመዝማዛ መንገድ እንወርዳለን። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወርድ ሾፌር በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ የወረደው ከፍታ ብቻ ሲደመር 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሸራ ነው። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው አንድ ዓመት የሚቆይ ሸራ እዚህ ስድስት ወር ላይቆይ ይችላል። ቦሎው ግን ለሁለቱም እኩል አንድ ዓመት ይላል።

ሌላም አለ፤ ስናገረው ያመኛል። ምርመራ ሲደርስ ጎማ የሚዋሱ ሰዎች አሉ። አንድ ደንበኛዬ የወንድሙን አራት ጎማ አስሮ ሄደ፣ አለፈ፣ ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ዘንድ ተቀምጦ ጎማዎቹን ሲመልስ አገኘሁት። እሳት ማጥፊያም እንዲሁ ከቤት ቤት ይዞራል። ያታለለው መርማሪውን ይመስለዋል። ማክሰኞ ጧት ጥርሱ ባለቀው ጎማ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ራሱ ነው።

ስለዚህ ቦሎ ያለው ሰው ምን ያድርግ? በየወሩ ጎማውን በእጁ ዳስሶ ይይ፤ ስንጥቅ፣ እብጠት፣ በአንድ ወገን የተበላ ካለ ይወቅ። ነፋሱን ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ያስለካ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ ከወረደ ወይ ሸራው እያለቀ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል፤ ዝም ብሎ አይሙላበት። በየስድስት ወሩ፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚመላለስ ከሆነ በየሦስት ወሩ፣ ጎማ አስወርዶ ሸራውን በዓይኑ ይይ። «በዓይኑ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። መካኒክ «ደህና ነው» ሲልህ «አሳየኝ» በለው። እኔንም ጭምር።

«ቁልቁለት በሞርቶ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድን ሾፌሮቻችን በሞርቶ መንዳት ይሉታል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ የሞተ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ነገሩን ያወቀው ይመስለኛል።

ቁጥሩን እንይ። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር፣ ማለትም ቪትዝና ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ፣ ማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ይዘጋል። ሞተሩን የሚያሽከረክረው ቁልቁለቱ ነው፤ የሚቃጠል ቤንዚን የለም። ያው መኪና በሞርቶ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብቻ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል። ቆጠብሁ ያለው ሰው አባክኗል። እንደ ቮልስና እንደ እኔ ዲኤክስ ካርቡሬተር ያላቸው ማርሽ ላይም ጥቂት መሳባቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ በአንድ ጉዞ አንድ ብርጭቆ ቤንዚን እንኳን አይሞላም። ለዚያ ሲባል ምን እንደሚከፈል ልንገራችሁ።

1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ጎማው የድርሻቸውን ይወስዳሉ። የተረፈውን የግድ አንድ ነገር መሸከም አለበት፦ ወይ ሞተሩ፣ ወይ ፍሬኑ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ከወረድህ ሞተሩ ይሸከምልሃል፤ ራዲያተር የተሠራለት ለዚህ ነው። በሞርቶ ከወረድህ ሁሉም አራት መዳፍ በሚያህሉ ሸራዎች ላይ ይወድቃል።

«ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። በጋራዥ ሕይወቴ ፍሬን በጠሱ የተባሉ ብዙ መኪናዎች ተጎትተው መጥተውልኛል፤ በአብዛኞቹ ላይ የተበጠሰ ነገር አላገኘሁም። ፍሬኑን ስረግጠው ይይዛል። የሆነው ምንድን ነው? የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በቁልቁለት የጋለ ፍሬን ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፊኛ ይጨመቃል። ሾፌሩ ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፣ ሰውየውም ውሸታም ይባላል። አልዋሸም። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢያስቀይረው ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር።

ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አሉ። ለእነርሱ የምለው አጭር ነው፦ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይደርቃል፣ ቁልፉን አንድ እርከን አብልጣችሁ ከመለሳችሁት ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

«ጥርስ ያለው ጎማ አዲስ ነው»

ጎማ ተነድቶም ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ መጋዘን ተቀምጦም ይሰነጠቃል። ዕድሜው ጎኑ ላይ ተጽፏል። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1114 የሚል ጎማ በ2014 በ11ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ባለ ላንድሮቨሩ ወዳጄ «ምንም ያልተነካ» ተብሎ አራት ጎማ ገዝቶ መጣ። ሻጩ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ «በ2014 የተሠራ ነው» ብሎታል። እውነቱን ነው፤ 2014 ግን የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2006 ማለት ነው። ወዳጄ ስምንት ዓመት ወደ ፊት ቆጥሮ ከፈለ። ተንበርክኬ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ላስቲክ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ሐምሌ ጭቃ በመስከረም ፀሐይ ተሰንጥቋል። ጥርሱ ግን ሙሉ ነው። ምርመራ ቢሄድ በጥርሱ ያልፋል። ብዙ አምራቾች አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ምንም ዓይነት ጥርስ ቢኖረው እንዲጣል ይመክራሉ። የመለዋወጫው ጎማም ይቆጠራል፤ ከሁሉ የሚረሳው እርሱ ነው።

የመኪናውን ሞዴል ስትገዙም ይህንኑ አቆጣጠር አስተውሉ። «2008 ሞዴል» የሚባለው ሁልጊዜ የፈረንጅ ነው።

«ያረጀ መኪና ምርመራ አያልፍም»

ያልፋል። የባለ ፔጆው 504 በየዓመቱ ያልፋል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ ይንከባከበዋል። ከእርሱ በሃያ ዓመት የሚያንሱ፣ ዘይት ሳይቀየርላቸው የሚነዱ መኪናዎች ሲወድቁ አይቻለሁ።

«ፈረንጅ ያረጀ መኪና አይነዳም» የሚለውም ከዚሁ ጎን ይነሣል። እንግሊዝ አገር አስገዳጅ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር የሚመለከተው አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ነበር፤ ኋላ ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ዛሬ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪናዎች ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ናቸው። መኪናው መንገድ ላይ የሚበቃ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት ግን ባለቤቱ ጫንቃ ላይ ነው። ጋሼ፣ ባለ ቮልሳችን፣ ይህን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። «እንግዲያው የኔ ቮልስ እዚያ ብትሆን ቦሎ አትጠየቅም ነበር!» አሉ። አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ግን ይጠየቃሉ።

በነገራችን ላይ የዕድሜ ጉዳይ ለእኛ ከመቼውም በላይ አንገብጋቢ ሆኗል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጃችን ያለው ቪትዝና ዲኤክስ ከእኛ ጋር ያረጃል ማለት ነው። ስለዚህ «ሲያረጅ እጥለዋለሁ» የሚለው ስሌት አይሠራም።

«ደሴ ስወጣ አቅም አነሰው፤ አርጅቷል»

አላረጀም፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት አየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን እዩ።

«ራዲያተር ላይ ውሃ ካለ ክዳኑ ምንም ቢሆን ግድ የለም»

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ከዚያ ጥቂት በላይ ሊሠራ ይችላል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። ክዳን በጨርቅ የሚጠቀጥቅ ሰው መኪናውን እየቀቀለ ነው።

«ልጄን አቅፌዋለሁ፤ ከኔ በላይ ማን ይይዘዋል?»

ይህን የሚሉኝ አባቶች ብቻ አይደሉም፤ እናቶችም ናቸው፤ የሚሉትም ከፍቅር ነው። ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ነው የምመልሰው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ ውስጥ ያለው ሰው የሚደርስበት ከአሥር ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ማለት ነው። የመኪናው ፊት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማድዶ ቢቆም፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ሆኖ ይወረወራል። ከእቅፍሽ የሚያወጣው ጉልበት ይህ ነው። የአንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ከፎቅ ሲወረወር በክንድ የሚቀልብ ሰው የለም። እናት ፍቅር አላነሳትም፤ ክንድ ነው ያነሳት። እርሷ ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ ከኋላ ሆና የምትደፈጥጠው እርሷ ናት።

ይህን የማውቀው ከስሌት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባድ ባልሆነ ፍጥነት፣ አንድ ጎረቤቴ ከቆመ ጋሪ ለመሸሽ ፍሬን ያዘ። ግጭት አልነበረም። ከፊት ወንበር እናቱ ጭን ላይ የነበረው የሦስት ዓመት ልጅ ግንባሩ ዳሽቦርዱን መታ። ስድስት ቦታ ተሰፋ። መኪናው ላይ ጭረት እንኳን የለም። እኔ ያንን ዳሽቦርድ የጠረግሁ ሰው ነኝ፤ ከሬዲዮው ማዞሪያ ሥር ገብቶ የደረቀውን ደም በእንጨት ነው ያወጣሁት። ቦሎ ነበረው።

«አንድ ቀበቶ ለሁለት ይበቃናል» የሚሉም አሉ። ይህ ከመታቀፍም የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። የፊት ኤርባግ ባለው ወንበር ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ዓይን ከመጥቀስ በፈጠነ ጊዜ ነው የሚፈነዳው፣ የሚመታውም የልጁን ጭንቅላት ነው።

«እኔ አምስት ልጅ በዚህች ቮልስ አሳድጌ ማንም ምንም አልሆነ» የሚለው የጋሼ ቃል ነው፤ የሚወዱትም ክርክር ነው። ሁለቱ ትንንሾች ከኋላው ወንበር ጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጣጥፈው ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ድረስ ይሄዱ እንደ ነበር ሲናገሩ ሁላችንም እንስቃለን፤ ደስ የሚል ትዝታ ነው። ግን ጋሼ፣ ምንም ያልሆኑ ልጆች አባቶች ናቸው ቡና ላይ ቁጭ ብለው የሚያወሩት። የሌሎቹ አባቶች ይህን ወሬ አያነሡም።

ቮልስ ያለው ሁሉ ደግሞ ይህን ያንብብ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በላዩ ክዳን ነበረው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የአብዛኛው ጠፍቷል። ክዳን ከሌለ፣ ልጆች ወንበሩ ላይ ሲዘሉ ወይም ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ሁለት አናቶች ሊነካ ይችላል፤ የወንበሩ ጭድ ከሥሩ መጤስ ይጀምራል። አንድ እሑድ ጋሼ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው «ጎማ ጎማ ይሸታል» አሉኝ። ወንበሩን ሳነሣው ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ግሏል፤ ዙሪያው ያለው ጭድ የሲጃራ ጫፍ ያህል ጠቁሯል። ከሁለት ወር በፊት ምርመራ አልፋ ነበር። ወንበር ሥር ማን ያያል?

የልጅ ወንበር ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግጭት ያላየ፣ ፕላስቲኩ ያልተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው ሙሉ የሆነውን ፈልጉ። ማግኘት ካልቻላችሁ ቢያንስ ልጁ ከኋላ ይቀመጥ፣ የራሱ ቀበቶ ይኑረው፣ ቀበቶው በትከሻው ይለፍ እንጂ በአንገቱ አይለፍ፤ በሆዱ ሳይሆን በዳሌ አጥንቱ ላይ ይረፍ። ለዚህ ነው ትንንሽ ልጆች ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ የሚያስፈልጋቸው። እንግሊዝ አገር ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ በልጅ መቀመጫ መቀመጥ ግዴታ ነው። ሦስት ቦታ የሚያዘው ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ቮልቮ ውስጥ ኒልስ ቦሊን በሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ የተሠራው ለአዋቂ አካል ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ እንዳለ አይሆንም። የኋላ በሮቹ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የልጅ መቆለፊያም ቆልፏት፤ ብዙ ሰው መኖሯን እንኳን አያውቅም።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ልጅን «ለአምስት ደቂቃ» ትቶ መሄድም ይቁም። አምስት ደቂቃ ወረፋ ላይ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

«ልምድ ያለው ሾፌር ዓይን አያስፈልገውም»

ስለ መኪና ዕድሜ ስንጫወት የራሳችንን እንረሳለን። በስልሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ከኋላው የሚደርሰው ብርሃን በሃያ ዓመቱ ከነበረው ሲሦ ያህል ብቻ ነው። ቀን ላይ አይታወቅም፤ ማታ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ነው የሚታወቀው። አርባ ዓመት መንዳት መንገዱን ያስተምራል፤ መንገዱ ላይ የቆመችውን አህያ ግን አያሳይም። ዓይናችሁን አስመርምሩ። መኪናው በየዓመቱ ሲመረመር ሾፌሩ ለምን ይቀራል?

«ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያሳያል»

አያሳይም። ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። አጭሩን አብሩ፣ ቀስ በሉ።

«ሞተር ጧት አሥር ደቂቃ መሞቅ አለበት»

አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ቡና ሳይቀርብ በፊት «ና እስቲ» ብለው ወደ ቮልሷ ወሰዱኝ። የኋላውን ወንበር አነሡ። ባትሪው ላይ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ፣ በልኩ የተገጠመ ወፍራም ላስቲክ አለ፤ ሁለቱን ጎኑን በማሰሪያ አጥብቀውታል። ገፋሁት፤ አይንቀሳቀስም። ከዚያ የኋላው ጎን ላይ ቀለም ተደፍኖበት የነበረ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አሳዩኝ፤ ለቀበቶ ማሰሪያ ከፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ቀለሙን በምስማር ፈልፍለው አውጥተውታል። «ስንት ቀበቶ ይገባል?» አሉኝ። ለሁለት ልጅ ይሆናል አልኋቸው። ብሎኑን ማክሰኞ አመጣለሁ።